እግዚአብሔርን መታመን ማለት በተግባር ምን ማድረግ ነው? አባቴ የኩላሊት እጥበት ላይ ነው

የአዳማዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እዚህ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ነው። ከረዘመባችሁ ይቅርታ።

አባቴ 61 ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ጅቡቲ በለው ሞያሌ፣ ያልረገጠው መንገድ የለም። ከሁለት ዓመት በፊት እግሩ ማበጥ ጀመረ። የመንገድ ድካም ነው ብለን ተውነው። በኋላ ሲመረመር ግፊቱ ሰማይ ነክቷል፣ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል ተባልን። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ዓርብ እጥበት አለው። ወረፋ ያገኘነው አዲስ አበባ ስለሆነ ለሊት 10 ሰዓት ከአዳማ እንወጣለን። ማሽኑ ላይ አራት ሰዓት ይቆያል፣ እኔ ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ እጠብቃለሁ።

ሽንቱ ስለቆመ የጠጣው ሁሉ እዚያው ሰውነቱ ውስጥ ነው የሚቀረው። ስለዚህ የቀን ውሃውን የምንሰፍርለት በቡና ሲኒ ነው። አባዬ ከአቦል እስከ በረካ ሳይጠጣ ከቡና የማይነሳ ሰው ነበር። አሁን አንድ ሲኒ ብቻ ይጠጣል። ከዚያ ባዶውን ሲኒ እጁ ላይ እንደያዘ እኛ ቶናውን ስንጠጣ ያየናል። አንድም ቀን አማርሮ አያውቅም። እኔን ግን ያቺ ሲኒ ገደለችኝ።

ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ቤተሰቦቼ ኦርቶዶክስ ናቸው። እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ነው ጌታን የተቀበልኩት። በዚህ ቤታችን ውስጥ ጠብ የለም። እማዬ ዳዊቷን ትደግማለች፣ እኔ መጽሐፍ ቅዱሴን አነባለሁ፣ አባዬ ለሁለታችንም አሜን ይላል። ባለፈው ጥቅምት አንዲት ጓደኛዬ ሰው ቤት የሚደረግ የጸሎት ፕሮግራም አለ፣ የሚያገለግለው ነቢይ ነው፣ አባትሽን አምጪው አለችኝ። አባዬ ደክሞኛል ቢልም ለምኜ ወሰድኩት። ሰውየው እጁን ጫነበትና "ኩላሊትህ አዲስ ሆኗል፣ ከዛሬ በኋላ ማሽን ላይ ከተቀመጥክ ግን ፈውስህን ትመልሳለህ" አለው። እልል አልኩ። እኔ ነኝ እልል ያልኩት።

ዓርብ ቀረ። ማክሰኞም ቀረ። ረቡዕ ለሊት ተኝቶ መተንፈስ አቃተው። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ፍራሹን ጨብጦ አፉን ከፍቶ አየር ይፈልጋል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ውሃው ሳንባው ውስጥ ገብቷል አሉን። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። በማግስቱ ለሰውየው ደወልኩለት። "የጎደለው የእናንተ እምነት ነው" ብሎኝ ስልኩን ዘጋው።

ይኸው ስንት ወር ሆነ፣ ጸሎት አቅቶኛል። ልጸልይ ስንበረከክ ያ የትንፋሽ ድምፅ ነው የሚመጣብኝ። በሰውየው ተናድጃለሁ፣ በራሴ ግን የባሰ ተናድጃለሁ፣ እና እውነቱን ልናገር፣ በእግዚአብሔርም ተናድጃለሁ። ሰው ሁሉ "በእግዚአብሔር ታመኚ" ይለኛል። እሺ። ግን ማክሰኞ ለሊት 10 ሰዓት ላይ፣ አባቴን ደግፌ ደረጃ ሳወርድ፣ መታመን ማለት ምን ማድረግ ነው? ይድናል ብዬ ማመን ነው? ያንንማ አመንኩ፣ ልገድለው ነበር። አይድንም ብዬ መቀበል ነው? እሱንም አልችልም። ያለፈበት ሰው ካለ ይንገረኝ።

ብርሃን_ይሁን፦

አይዞሽ እህቴ በርቺ። ኢሳይያስ 41፥10 "እኔ ከአንተ ጋር ነኝና አትፍራ"። ሁሉም ለበጎ ነው።

የአዳማዋ፦

አመሰግናለሁ። ጥቅሱ የስልኬ ስክሪን ላይ ካለ ዓመት አልፎታል። በየቀኑ አየዋለሁ ግን ወደ ውስጥ አይገባልኝም። ለዚያ ነው የጠየቅኩት።

እጥበት_ክፍል፦

እኔ ነርስ ነኝ፣ እጥበት ክፍል ስሠራ ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጽሑፍሽን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ምክንያቱም እንዳንቺ ታሪክ ሆኖ መጨረሻው እንዳንቺ ያልሆነ አይቻለሁ። አንዱን ሳምንት ሙሉ የአንድ ታካሚ ወንበር ባዶ ሆነ፣ ቤተሰቡ ጋ ስንደውል ተቀብሯል አሉን። "ተፈውሰሃል" ተብሎ ነው። እና አንደኛ ነገር፣ ማንም ምን ቢል፣ በማንም ስም ቢመጣ፣ ቀጠሮ እንዳታስቀሩ። እጥበት ሲቀር የሚጠራቀመው ውሃ ብቻ አይደለም፣ ፖታሺየምም ከፍ ይላል፣ እሱ ደግሞ ልብን ያቆማል። ብዙ ጊዜ ምልክት እንኳ አይሰጥም። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ቲማቲም በዛ አድርጎ እንዳይበላ የሚነገራችሁም ለዚህ ነው። ጨውንም ተጠንቀቁ፣ ጨው ካልቀነሰ ውሃ ጥሙን መቋቋም አይችልም።

ሁለተኛ፣ ስለ ሲኒዋ። ጠዋት ፍሪዘር ውስጥ ትንንሽ በረዶ አድርጊለት፣ አንዷን አፉ ውስጥ ይዞ ቀስ እያለ ያሟሟት። ሎሚ ጠብ ብታደርጊባት ጥሙን ታስታግስለታለች። በረዶውም ከቀን ውሃው ላይ ይታሰባል፣ እሱን አትርሺ።

ስለ እምነቱ እንግዲህ እኔ ሰባኪ አይደለሁም። ግን በየቀኑ ስለማየው ነገር ልንገርሽ። እኛ ክፍል አንዲት እናት አሉ። ክንዳቸው ላይ ፊስቱላ ተሠርቶላቸዋል፣ ለእጥበቱ መርፌ እንዲመች ሁለት የደም ሥሮች በቀዶ ሕክምና የተገናኙበት ቦታ ማለት ነው። መርፌው ትልቅ ነው፣ ያማል። ልወጋቸው ስል "ቆይ ልጄ" ይሉኛል። ያማትባሉ። ከዚያ እኔንም ያማትቡኛል፣ እጄን ማለቴ ነው፣ መርፌ የያዘውን እጄን። "በይ አሁን ሥሪ" ይሉኛል። አራት ሰዓት ሙሉ ደማቸው በቱቦ ወጥቶ በማጣሪያው አልፎ ሲመለስ ትንሿን ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ይድናሉ ወይ? የተጎዳ ኩላሊት በማሽን አይድንም፣ ማሽኑ እሱን ተክቶ ነው የሚሠራው። እሳቸውም ያውቁታል። ግን ማክሰኞ ይመጣሉ፣ ሐሙስ ይመጣሉ፣ ቅዳሜ ይመጣሉ። አንቺ "መታመን ምን ማድረግ ነው" ስትይ ፊቴ ላይ የመጣችው ያቺ የተማተበች እጄ ናት።

ሌላው፣ ስለ ንቅለ ተከላ ጠይቃችኋል? አገራችን ውስጥ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ነው የጀመረው፣ ኩላሊት የሚሰጠው የቅርብ ዘመድ ነው። ለሁሉም ሰው አይሆንም፣ ዕድሜውም ልቡም ታይቶ ነው። ግን ሐኪሙን ጠይቁ። መጠየቅ እምነት ማጣት አይደለም።

ምስክር_ነኝ፦

ይቅርታ ግን እኔ የምለው፣ በጸሎት ብቻ የዳኑ ሰዎች አውቃለሁ። እኔ ራሴ ነኝ አንዱ። ሁሉንም ነቢይ ሐሰተኛ ባታደርጉት ጥሩ ነው። እግዚአብሔር ዛሬም ይፈውሳል።

የቀድሞ_ቆሎ_ተማሪ፦

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ዛሬም ይፈውሳል፣ እዚህ ማንም አልካደም። እኔም በጠበል የተፈወሰ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ጌታችን ለምጻሙን ካነጻው በኋላ ምን አለው? ሂድና ራስህን ለካህን አሳይ አለው። አሥሩንም ለምጻሞች እንደዚሁ። በዚያ ዘመን ለምጽ ነጽቷል አልነጻም ብሎ አይቶ የሚመሰክረው ካህኑ ነበር። ጌታ የሠራው ሥራ ሲመረመር አይደነግጥም። ዳንክ የተባለ ሰው ሄዶ ይመርመር፣ ሐኪሙ ራሱ "ከዛሬ በኋላ አትምጣ" ይበለው። "እንዳትመረመር" የሚል ፈውስ ግን እኔን ያስፈራኛል።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ እህቴ። እኔ ጎጃም የቆሎ ተማሪ ነበርኩ፣ ዛሬ መምህር ነኝ፣ ግን ያኔ የተማርኩት አለቀቀኝም። ይኼ ጸሎት ወይስ ሕክምና የሚሉት ነገር መጽሐፉ ውስጥ የለም። ንጉሥ ሕዝቅያስን አስቢው። ለሞት ታመመ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ። እግዚአብሔር በኢሳይያስ አፍ እፈውስሃለሁ፣ 15 ዓመት እጨምርልሃለሁ አለው። ከዚህ በላይ ምን ትንቢት አለ? ግን ኢሳይያስ ወዲያው ምን አዘዘ? የበለስ ጥፍጥፍ አምጡና ቁስሉ ላይ አድርጉ። 2ኛ ነገሥት 20 ላይ ታገኚዋለሽ። እውነተኛው ነቢይ መድኃኒት አዘዘ እንጂ መድኃኒት አልከለከለም። በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ሲራክ 38 ላይ ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ጸልይ ይልሃል፣ ቀጥሎ ለሐኪሙ ቦታ ስጠው ይልሃል።

የኤችአይቪ ነገር በከፋ ጊዜ እንጦጦ ማርያም ጠበል ላይ መድኃኒታቸውን የጣሉ ስንቶች ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ወጥተው ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ አይጣሉም፣ ሁለቱንም ውሰዱ ብለው ሲናገሩ ትዝ ይለኛል። ያንን ሰምቶ ኪኒኑን በጠበል የዋጠ ጎረቤት ነበረኝ። ዛሬ ልጆቹን ድሯል።

ይድናል ብዬ ልመን ወይስ አይድንም ብዬ ልቀበል ብለሻል። ሠለስቱ ደቂቅን እይልኝ። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ የሚሞላው ሕዝብ የሚያከብረው ገብርኤል እነሱን ከእሳት ያወጣበትን ቀን ነው። ሁላችንም መውጣታቸውን ነው የምንተርከው። ወደ እሳቱ ሳይገቡ ለንጉሡ ያሉትን ግን አንብቢው። አምላካችን ሊያድነን ይችላል። ባያድነን እንኳ ለጣዖትህ አንሰግድም። "ባያድነን እንኳ" ሲሉ እኮ እምነታቸው አልጎደለም። እሳቱ አጠገብ ቆመው መጨረሻውን አያውቁም ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ ይህን ስማር የኔታ እዚህ ጋ ሲደርሱ ዝም ይሉ ነበር። ለምን ዝም እንደሚሉ የገባኝ እናቴ ስትሞት ነው። ጠበሉም ተጠመቀች፣ መድኃኒቱንም ጨረሰች፣ እና ሞተች።

ቁጣሽን ደግሞ አትደብቂው። ዳዊት "አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?" ብሎ ነው የጸለየው። ከ150ው መዝሙር ውስጥ እንዲህ ያለ ስንት አለ መሰለሽ! እናትሽ በየቀኑ የምትደግመው እሱን ነው። አንዱን በእኛ 87ኛ፣ በሌላው ቁጥር 88ኛ የሆነውን ፈልጊው። እስከ መጨረሻው ጨለማ ነው፣ አንድም ምስጋና ሳይኖርበት ያልቃል። ቤተ ክርስቲያን ግን አላወጣችውም፣ ታስደግመዋለች። አንቺም ሌላው ካቃተሽ እሱን ድገሚ።

የአዳማዋ፦

ስለ እናትዎ እግዚአብሔር ያጽናዎት። 88ኛውን አሁን አነበብኩት። "ጨለማ" ብሎ ሲጨርስ አለቀስኩ። እንዲህ ያለ ነገር መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እንዳለ አላውቅም ነበር። የምለው ጠፍቶኝ ሲጨንቀኝ የከረመው ያው ነው።

ነርሷ እህቴ፣ በረዶውን ዛሬውኑ እሠራለታለሁ። ታናሽ ወንድሜ እኔ እሰጣለሁ ብሎ ነበር፣ አባዬ ነው "ልጄን አላስቀድድም" ብሎ እንቢ ያለው። እንደገና አነሳዋለሁ።

የነቀምቴ_እናት፦

ልጄ፣ እኔ 70 ተጠግቻለሁ። ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው፣ እኔ እነግረዋለሁ እሱ ይነካካል። ስለዚህ ስህተት ካለ የሱ ነው።

አስቀድሜ ስለ ጸጸትሽ። አባትሽን ወደዚያ የወሰድሽው ስለወደድሽው ነው። እልል ያልሽውም ስለወደድሽው ነው። ውሸታም ሰው የልጅን ፍቅር መረብ አድርጎ ሲያጠምድበት ጥፋቱ የአጥማጁ ነው። ዘዳግም 18 ላይ ያልሆነውን ነገር በእግዚአብሔር ስም የተናገረ ነቢይ በድፍረት ተናግሮታል፣ አትፍራው ይላል። አትፍሪው። ለቤተ ክርስቲያንሽ ሽማግሌዎች ግን ንገሪ። ዝም ካልሽ ነገ የሌላ ሰው አባት እዚያ ይወሰዳል። ይህንን በደንብ ጻፍልኝ ብዬዋለሁ።

አሁን የኔን ልንገርሽ። በደርግ ዘመን ቤተ ክርስቲያናችን ተዘጋች። እኛ ወለጋ ውስጥ ስንቷ ተዘጋች። ባለቤቴን ወሰዱት። ሁለት ልጆች ነበሩኝ፣ ሦስተኛው ሆዴ ውስጥ ነበር። የት እንዳለ ለማወቅ ብቻ አምስት ወር ፈጀብኝ። ስንቅ ይዤ ስሄድ የምጠብቀው ባዶውን ሳህን ነው። ሳህኑ ታጥቦ ባዶውን ከተመለሰ አለ ማለት ነው። ምግቡ እንዳለ ከተመለሰ የለም ማለት ነው። ልጄ፣ ያኔ የኔ ጸሎት ሳህን ነበር። "ዛሬ ባዶውን ይመልሱልኝ" ነበር ጸሎቴ። ሌላ ቃል አልነበረኝም። ትልልቅ ጸሎት የሚጸልዩ ወንድሞች ቤታችን ተደብቀው እየመጡ ይጸልዩ ነበር፣ እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ስለ ሳህን አስብ ነበር። ያን ጊዜ እምነቴ የጠፋ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ዞር ብዬ ሳየው በሕይወቴ ከዚያ የጠነከረ እምነት ኖሮኝ አያውቅም።

የኔ ባለቤት ተፈታ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ግን አልተመለሱም። ከአገር ውጡ ተብለው መንገድ ተከፍቶላቸው ነበር፣ መንጋዬን ትቼ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 1971 ላይ ወሰዷቸው፣ ገደሏቸው። አጽማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ አሥር ዓመት ታሰሩ። በዚያው በ1971 ክረምት የኦርቶዶክሱን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስንም ገደሏቸው። እነዚህ ሰዎች እምነታቸው ጎድሎ ነው? ማን ደፍሮ ይህን ይላል? እኔ ባለቤቴ የተፈታው እምነቴ ከፀሐይ ቶሎሳ እምነት በልጦ ነው ብል እግዚአብሔር ይቀጣኝ ነበር። ለምን የኔ ተመለሰ የሷ አልተመለሰም? አላውቅም። እስካሁን እጠይቀዋለሁ። ስገናኘውም መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው። ግን ጥያቄዬን ይዤ ማንን ልሂድ? እሱኑ ነው የምጠይቀው።

ኤልያስም መሞት ፈልጎ ክትክታ ሥር ተኝቶ ነበር። መልአኩ አልገሠጸውም። ተነሥተህ ብላ አለው። በላና ተኛ። ደግሞ ቀሰቀሰው፣ ብላ አለው። አንቺም ብይ። ለሊት 10 ሰዓት የምትነሺ ልጅ ማታ በጊዜ ተኚ። በልተሽ ነው ወይ የምትሄጂው? እዚያ ወንበር ላይ አራት ሰዓት ባዶ ሆድሽን አትቀመጪ። ቆሎ ያዢ።

የአዳማዋ፦

እማማ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ። የልጅ ልጅዎንም ያሳድግልኝ። ስለ ሳህኑ ያሉኝን ለእማዬ አነበብኩላት። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወስዳ ብዙ ቆየች። ለሽማግሌዎቹ እሁድ እናገራለሁ። እፈራለሁ ግን እናገራለሁ።

እና አዎ፣ ሳልበላ ነበር የምሄደው። እንዴት አወቁ?

ሪያድ_ያለሁት፦

እህቴ፣ እኔ ሪያድ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ስድስት ዓመቴ ነው። አሁን ማዳሜ ተኝታ ነው የምጽፈው፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ነው።

እዚህ ቤተ ክርስቲያን የለም፣ አይፈቀድም። እኔ የምጸልየው ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው፣ ማሽኑን አስነስቼ፣ ድምፄ እንዳይሰማ። እሁድ ቅዳሴ በስልክ እሰማለሁ፣ አንዷን ማዳመጫ ጆሮዬ ውስጥ ከትቼ በሻርፕ እሸፍናታለሁ፣ ሁለተኛው ጆሮዬ ስትጠራኝ እንዲሰማ።

አባቴ የሞተው እኔ እዚህ እያለሁ ነው። ለአንድ ወር ደበቁኝ። ከዚያ ወንድሜ ደውሎ ነገረኝ፣ እኔ ወጥ እያማሰልኩ ነበር። ለቅሶ አልተቀመጥኩም። የሚያለቅስልኝ ሰው አልነበረም፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ የምታይልኝ ጎረቤት የለችም። እንግዳ ነበራቸው፣ እራት አቀረብኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሦስት ወር አቡነ ዘበሰማያትን መጨረስ አቃተኝ። "ፈቃድህ" የሚለው ላይ ስደርስ አፌ ይዘጋል። ለንስሐ አባቴ ደውዬ ነገርኳቸው፣ አባ መጸለይ አልቻልኩም አልኳቸው። ምን አሉኝ መሰለሽ? "እስከምትደርሺበት ድረስ በይው፣ የቀረውን እኔ እልልሻለሁ።" በቃ። ሌላ አልጨመሩም። እና እንደዚያ አደረግን። እኔ እዚህ ግማሹን፣ እሳቸው እዚያ ግማሹን።

ያ ሰውዬ እምነታችሁ ጎደለ ሲልሽ እኔ የታወሰኝ ያ ሽባ ነው፣ አራት ሰዎች በአልጋ ተሸክመው ያመጡት። ሕዝቡ ስለሞላ ጣሪያ አፍርሰው ነው ያወረዱት። ማርቆስ 2 ነው። ጌታ እምነታቸውን አይቶ ይላል እኮ! የተኛው ሰው እምነት ነበረው አልነበረው አንድ ቃል አልተጻፈም። እምነታቸውን ነው ያየው፣ የተሸካሚዎቹን። የተሸከሙት ደግሞ ጸሎታቸው አልተጻፈልንም። መሸከማቸው ነው የተጻፈው። ጣሪያ እየወጡ፣ ጣሪያ እያፈረሱ። አንቺ ለሊት 10 ሰዓት ላይ አባትሽን ደግፈሽ ደረጃ ስታወርጂ ምን እያደረግሽ ይመስልሻል? ሦስት ጊዜ አነበብኩት ጽሑፍሽን፣ ደረጃ የሚለው ጋ ስደርስ እኮ ነው ያለቀስኩት።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የአባትሽን ክርስትና ስም በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ማክሰኞና ዓርብ በእናንተ 10 ሰዓት ማለት በኛም 10 ሰዓት ነው፣ ሰዓታችን አንድ ነው። እኔ በዚያ ሰዓት ለሥራ እነሳለሁ። ስሙን እጠራለሁ። አንቺ መጸለይ ካቃተሽ ተይው ለጊዜው፣ አንቺ አባትሽን ያዢ። አልጋው አራት ጫፍ አለው አይደል? አንዱን እኔ እይዛለሁ።

እየጠራችኝ ነው፣ ቻው።

እጥበት_ክፍል፦

አንዱን እኔ። ስሙን ለኔም ላኪልኝ።

የቀድሞ_ቆሎ_ተማሪ፦

ሦስተኛው የኔ ነው። እናትሽ ዳዊቷን ይዛ አራተኛው ላይ ካለች ቆይታለች።

ምስክር_ነኝ፦

እኔም ስሙን ብትልኪልኝ። ቅድም የጻፍኩት ልብሽን አስከፍቶት ከሆነ ይቅርታ። የኔን ነገር ሐኪም አይቶልኝ ነበር፣ ያንን መጻፍ ነበረብኝ።

የአዳማዋ፦

ለሁላችሁም ስሙን በውስጥ ልኬላችኋለሁ። ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። ወንድሜ፣ ምንም አልተቀየምኩም።

ዛሬ የሆነውን ነግሬያችሁ ልተኛ። ማታ ቡና ተፈልቶ ነበር። ለአባዬ ሁሉንም ነገርኩት። በዚያ ፕሮግራም ምክንያት እስካሁን ይቅርታ ጠይቄው አላውቅም ነበር፣ እንዴት ብዬ አንስቼ። ጠየቅኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ እጄን ይዞ ክንዱ ላይ አደረገው፣ ፊስቱላው ያለበት ቦታ ላይ። ከቆዳው ሥር ደሙ ሲሮጥ ይነዝራል፣ ልክ ንብ ጨብጠሽ እንደያዝሽ ነው። "ይሰማሻል?" አለኝ። ይሰማኛል አልኩት። "እኔ ለሊት ስነቃ እሱን ነው የማዳምጠው። ሲነዝር ተመስገን እላለሁ፣ እተኛለሁ" አለኝ። ስለ ወንድሜም አነሳሁበት። እንቢ አላለም፣ "ሐኪሙ ምን እንደሚል እንስማ" ነው ያለው።

ከዚያ በረዶዋን ሰጠሁት። ሎሚ ነካ አድርጌባታለሁ። እኛ ቶናውን ስንጠጣ እሱ በረዶዋን በጉንጩ ይዞ አብሮን ተጫወተ፣ ጅቡቲ መንገድ ላይ ጎማ የፈነዳበትን ቀን እያወራ።

እኔ ግማሹን ብያለሁ ዛሬ። "ፈቃድህ" ላይ ስደርስ አቆምኩ። ሪያድ ያለሽው እህቴ፣ የቀረውን በይልኝ።

ነገ ዓርብ ነው። ቆሎዬን በላስቲክ ቋጥሬ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ።